ከ118 ገጽ ወደ 22 ገጽ፦ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዴት ጆርናል ላይ ወጣ

መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቢሮዬ መጣች። እጇ ላይ በጥቁር ሽፋን የተጠረዘ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏ አለ። 118 ገጽ ነው። «ጋሼ፣ ይህን ጆርናል ላይ ላወጣው ፈልጌ ነበር። ከየት ልጀምር?» አለችኝ።

አብረን የምንሠራው በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። እሷ ኮሌጁ ከመግባቷ በፊት 9 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምራለች። ጽሑፉ ታትሞ እስኪወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት ስለነበርኩ የሆነውን ልጽፈው ወሰንኩ። የእሷን፣ የኮሌጃችንንና የጆርናሉን ስም ትቻለሁ። የቀረውን እንዳለ የምጽፈው በፈቃዷ ነው።

ጥናቱ ስለ 1ኛ ክፍል የአማርኛ ንባብ ነው። በአንዲት ከተማ 4 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 8 መምህራን ፊደል ሲያስተምሩ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ተመልክታለች። አራት ወር ያህል ተመላልሳለች። መምህራኑን አነጋግራለች። የሞሉ ማስታወሻ ደብተሮቿ 6 ናቸው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በ6 የሀገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር፤ እኛ «ኢግራ» የምንለው። ያኔ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ አለ። መምህሯም ድምጿ እስኪዘጋ ታስተምራለች። ታዲያ መሃል ላይ የሚበላሸው ምንድን ነው? የባልደረባዬ ጥናት ይህን ከቅርብ ያየ ነው። ለዚህ ነው መታተም አለበት ብዬ የተነሳሁት።

83ኛው ገጽ

የመጀመሪያ ሙከራዋ ኮፒ ፔስት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ 46 ገጽ ይዛ መጣች። አምስቱም ምዕራፎች አሉ። ከየምዕራፉ ትንሽ ትንሽ ተቆርጧል። መግቢያው «ትምህርት ለአንድ ሀገር ዕድገት ቁልፍ ሚና ይጫወታል» ብሎ ይጀምራል። እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ስለ ፊደል አንድም ነገር አይልም።

እሷ አልተሳሳተችም፤ የተማረችው እንደዚያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው። ተማሪዋ ማንበቧን፣ የጥናት ዘዴ ማወቋን፣ አንድም ደረጃ አለመዝለሏን ማሳየት አለባት። ስለዚህ 31 ገጽ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ይኖረዋል። የጥናቱ ጠቀሜታ፣ የጥናቱ ወሰን፣ የቃላት ፍቺ እያለ ይሄዳል። ጆርናል የሚያነብ ሰው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ምን እንዳገኘሽና እንዴት እንዳወቅሽው ቶሎ እንድትነግሪው ነው የሚፈልገው።

ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩና ጠየቅኳት። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ የቱ ነው?»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስለ አንድ ልጅ ነገረችኝ።

መምህሯ ሰሌዳው ላይ «ሚ» ብላ ትጽፍና ልጁን ታስነሳዋለች። ልጁ ዝም ይላል። ዓይኑ ወደ ግድግዳው ገበታ ይሄዳል። የ«መ»ን ረድፍ ያገኛል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጫናል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። መ፣ ሙ፣ ሚ። ሦስተኛው ጣት ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ «ሚ!» ይላል። መምህሯ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት» ትላለች። ክፍሉ ያጨበጭባል።

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ አላነበበም» አለችኝ። «ቆጠረ።»

ይህ ነገር መመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ አለ። 83ኛው ገጽ ላይ፣ በሦስት መስመር። እኔ ደግሞ ሙሉ ጥናቱ ያለው እዚያ ሦስት መስመር ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ፊደላችን 33 ረድፍ በ7 ነው፤ 231 ይመጣል። ልጆቹ ይህን ሁሉ እንደ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል። አንዲት ፊደል ከተራዋ ስትወጣ ግን ትጠፋባቸዋለች። ይህን ያዩ መምህራን ብዙ ናቸው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀን ቆጥሮ፣ መዝግቦ የጻፈው ግን ጥቂት ነው።

መመረቂያ ጽሑፉ አራት የጥናት ጥያቄዎች ነበሩት። ሦስቱን አወጣናቸው። የቀረው አንድ ነው፦ መምህራኑ ፊደልን በረድፍ ቅደም ተከተል ማስተማራቸው ልጆች ፊደል የሚለዩበትን መንገድ እንዴት ይቀርጸዋል? ከወጡት አንዱ፣ ስለ መምህራን ሥልጠና የሚጠይቀው፣ የራሱ መረጃ ስላለው ለሌላ ጊዜ ተቀመጠ። ሁለቱን ግን ተወቻቸው። አለቀሰች ብል ማጋነን ይሆናል፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ለአንዱ ጥያቄ ብቻ ሁለት ወር ሙሉ ስትለፋበት የከረመች ናት።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ከባዶ ገጽ ጻፈችው። የድሮውን ፋይል እንዳትከፍት ነገርኳት። ልጁ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ገባ። ከእሱ ቀጥሎ ኢግራ፣ ከእሱ ቀጥሎ የጥናቱ ጥያቄ። 31 ገጹ ዳሰሳ 4 ገጽ ሆነ። ዘዴው ላይ ግን ጨመረች እንጂ አልቀነሰችም። ስንት ቀን ገባች፣ የት ተቀመጠች፣ ምን ምን መዘገበች፣ አማርኛውን ቃለ መጠይቅ ማን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፣ ትርጉሙን ማን አመሳከረው። መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይህ ሁሉ በግማሽ ገጽ ታልፏል። ስለ ናሙና አወሳሰድ ምንነት ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ፍቺ ግን ሁለት ገጽ ይዟል። ብዙ ረቂቅ አንብቤያለሁ፤ ይህ ችግር በሁሉም ላይ አለ ማለት ይቻላል።

«ክቡር ፕሮፌሰር»

ጥቅምት ላይ አንድ ኢሜይል ደረሳት። «ክቡር ፕሮፌሰር» ይላል። ፕሮፌሰር አይደለችም፤ ሌክቸረር ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ጠቅሶ ያደንቃታል። በ5 ቀን ውስጥ ተገምግሞ እንደሚታተምላት ይነግራታል። ክፍያው 150 ዶላር ነው። «ልዩ ቅናሽ» ይላል።

ደስ ብሏት ነበር የመጣችው። ዕድገት ለማግኘት የታተመ ጽሑፍ ያስፈልጋታል፤ ብሩንም ከቁጠባ ማኅበሯ ልትበደር አስባለች። እኔ ወዲያው «ሌባ ነው» ማለት አልፈለግኩም። አብረን እንድናጣራ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ «ቲንክ ቼክ ሰብሚት» የሚባል ዘመቻ አለ። ጆርናል ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ደርድሮ ያስቀምጣል። እሱን ከፍተን አንድ በአንድ ሄድን። ጆርናሉ ዲኦኤጄ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ አለሁ ይላል። ማውጫው ላይ ፈለግነው፤ የለም። የቦርድ አባላት ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ የሁለቱን የዩኒቨርሲቲ ገጽ አየን። ከጆርናሉ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የሚያሳይ ነገር የለም። የታተሙትን ጽሑፎች ስንከፍት አንዱ ስለ ዓሣ እርባታ፣ ሌላው ስለ ባንክ ነው። ጆርናሉ የትምህርት ጆርናል ነው የሚባለው።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ገንዘብ መጠየቅ ብቻውን ጆርናሉን አጭበርባሪ አያደርገውም። እውነተኛ ሆነው የማተሚያ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። እነሱ ግን የማተሚያ ክፍያውን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ጽሑፉ ተገምግሞ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው፤ በ5 ቀን ግምገማ እንጨርሳለንም አይሉም። አጭበርባሪ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ጆርናሎችን የያዘው የአሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የጄፍሪ ቢል ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ከኢንተርኔት ወርዷል። ዛሬም እጅ በእጅ የሚዞረው ቅጂ ያረጀ ስለሆነ በእሱ ብቻ መወሰን ያሳስታል።

ኢሜይሉን አጠፋችው። ከዚያ ተቀምጠን ራሷ የጠቀሰቻቸው ጥናቶች የት የት እንደታተሙ አየን። ይህ ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው። እሷን የረዷት ጽሑፎች የወጡበት ቤት የእሷንም አንባቢ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን ዘ ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኤዱኬሽን የቆዩ ቅጾች አገላበጥን። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ያሉትን የትምህርት ጆርናሎች አየን። ከሦስት ጆርናሎች አምስት አምስት ጽሑፍ አነበበች። ለአንደኛው የጽሑፏ ዓይነት ይስማማል፤ በክፍል ምልከታ የተሠሩ ጥናቶች ያትማል። ሁለቱ ግን ከመጠይቅና ከስታትስቲክስ ውጭ ብዙም አያወጡም።

«ለሁለቱ አንድ ላይ ብልክ ምን አለበት? የቀደመው ይውሰደው» ብላ ነበር። አይቻልም። አንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ የሚላከው ለአንድ ጆርናል ነው። ጆርናሉ ጽሑፉን እንዲመዝኑለት የሚልክላቸው ገምጋሚዎች ያለ ክፍያ ነው የሚያነቡት። በዚያ ላይ ዘርፋችን ትንሽ ነው፤ ሁለቱም ጆርናሎች ለአንድ ሰው ሊልኩት ይችላሉ።

ስም

ደራሲ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ካሰብኩት በላይ ጊዜ ወሰደ። አማካሪዋ ሁለተኛ ደራሲ እንዲሆኑ ጠየቀቻቸው። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አንብበው አርመውላታል፤ ትንተናውም ላይ እጃቸው አለበት። ይህ ተገቢ ነው። ሌላ ሰው ግን ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈላት ሰው «የእኔንም ስም አስገቢው እንጂ» አላት። በይሉኝታ እሺ ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር። ጽሑፉን አላየውም። በመጨረሻ በምስጋናው ክፍል ላይ ስሙን እንደምትጠቅስ በትህትና ነገረችው። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ተቀየማት። ደራሲ የሆነ ሰው ስለ ጽሑፉ ሲጠየቅ መልስ መስጠት አለበት። ያላነበበው ሰው ምን ይመልሳል?

ከዚያ የራሷ ስም መጣ። የጆርናሉ ድረ ገጽ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይጠይቃል። መመረቂያ ጽሑፏ ላይ ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ኮንፈረንስ ላይ ስትመዘገብ የአያቷን ስም «ላስት ኔም» ብላ ሞልታለች። አሁን የአባቷን ልትሞላ ነው። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያያት።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስማችን የራሳችን ነው፤ ቀጥሎ ያለው የአባታችን ነው። ዓለም አቀፉ ሥርዓት ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ አንዱን መርጦ ዕድሜ ልክ በእሱ መጽናት ነው። የራሷንና የአባቷን ስም ብቻ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውን ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥርም አወጣች፤ በነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ያው ችግር ዋቢ ጽሑፎቿ ዝርዝር ውስጥም ተቀምጦ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር ሦስት ቦታ ተዘርዝረዋል። አንዴ በራሳቸው ስም፣ አንዴ በአባታቸው፣ አንዴ በአያታቸው። አንባቢ ሦስት ሰው ናቸው ብሎ ያልፋል። የሀገር ውስጥ ጆርናሎች ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ይዘረዝራሉ፤ የውጭዎቹ በአባት ስም። የጆርናሉን መመሪያ አይታ ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረገቻቸው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀባት።

ላከችው፣ ተመለሰ

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ላከችው። በ6ኛው ቀን ተመለሰ።

ስልክ ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ፕላጃሪዝም ነው፣ ከሌላ ቀድተሻል አሉኝ።» ደብዳቤውን አነበብኩት። እንደዚያ አላለም። የመመሳሰል መለኪያው 41 በመቶ እንዳሳየና እንድታብራራ ይጠይቃል። ዝርዝሩን ስንከፍት አብዛኛው የሚመሳሰለው ከራሷ መመረቂያ ጽሑፍ ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲው በዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ ላይ አስቀምጦታል። ሶፍትዌሩ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ቃል ከቃል ነው የሚያስተያየው። እሷም ከባዶ ጻፊ ብያት የዘዴውንና የዳሰሳውን ክፍል ሲደክማት ከድሮው ገልብጣለች።

ሁለት ነገር አደረገች። የተገለበጡትን አንቀጾች እንደገና ጻፈቻቸው። ለአዘጋጁ በላከችው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ከማስተርስ ጥናቷ የወጣ መሆኑን፣ ጥናቱ የት እንደተቀመጠና ከእሱ ምን እንደሚለየው በአራት ዐረፍተ ነገር ገለጸች። ይህ ደብዳቤ መጀመሪያም መኖር ነበረበት። እኛ የላክነው «እባካችሁ ጽሑፌን ተቀበሉልኝ» የሚል ዓይነት ነው። አዘጋጁ ግን የሚፈልገው መረጃ ነበር።

ሁለተኛው የተመለሰበት ምክንያት ስሟ ነው። ግምገማው ስውር ስለሆነ ገምጋሚው ደራሲዋን ማወቅ የለበትም። ስሟን ከሽፋኑ ላይ አውጥታለች። ፋይሉ ግን በውስጡ ስሟን ይዟል፤ ዎርድ የጻፈውን ሰው ስም ይመዘግባል። ይህን ለማጥፋት «ፋይል» ውስጥ «ኢንፎ» ላይ ገብቶ «ኢንስፔክት ዶክመንት» የሚለውን መጫን ነው። ምስጋናውም እዚያው ነበር፤ የአማካሪዋንና የኮሌጁን ስም ጠርቶ።

የገምጋሚዎቹ ቃል

መልሱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ከላከችው 7 ወር ሞልቶታል። «ከባድ ማሻሻያ ይፈልጋል» ይላል። እሷ ይህን «አልተቀበልንሽም» ብላ አነበበችው። እኔ ግን እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

አንደኛው ገምጋሚ አንድ ገጽ ብቻ ነው የጻፉት። ከዚያ ገጽ ውስጥ አንድ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አቡጊዳ»ን ለምን እንደሚያስቆጥር ደራሲው አስቦበታል ወይ ብለው ጠየቁ። አቡጊዳ ፊደሉን ያሰባጥረዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ቅርጹም ይለወጣል። በዜማ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የየኔታዎቹ ትምህርት ቤት ከብዙ ዘመን በፊት ይህንኑ ችግር አይቶ መላ አበጅቶለታል። ዘመናዊው ክፍል ሀ ሁውን ወስዶ አቡጊዳውን ትቶታል። ባልደረባዬ ይህን ስታነብ ከወንበሯ ተነሳች። ልጅ ሳለች አያቷ ቤት አቡጊዳ ቆጥራለች። ጥናቷ ውስጥ ግን አላስገባችውም፤ ሳይንስ አልመሰላትም። ጨመረችው። ከጽሑፉ ሁሉ እኔ የምወደው ያንን አንቀጽ ነው።

ሁለተኛው ገምጋሚ 23 ነጥብ ጻፉ። ከበድ ያሉ ናቸው። ሦስቱን ልጥቀስ።

አንዱ እንዲህ ይላል፦ መረጃው የተሰበሰበው በ2011 ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ አልፎታል፤ ከኢግራ በኋላ በ7 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተዘጋጁትን አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት አያንጸባርቅም። በጣም ከባድ ትችት ነው፤ ጽሑፉን ሊጥለው ይችል ነበር። እሷ ግን ክፍል የገባችው ከየካቲት እስከ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያኑ 2019 ማለት ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ቀረ። እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም። ለእኛ 2011 ማለት ትናንት ነበርና ዓይናችን አልያዘውም። ዓመቱን አስተካክላ፣ ልጆቹ ይዘውት የነበረው መጽሐፍ አዲሱ እንደነበር በአንድ አንቀጽ ጨመረች። እንደውም ግኝቷን አጠነከረላት። መጽሐፉ ተቀይሮም ገበታው ላይ ያለው ዜማ አልተቀየረም።

ሌላው ነጥብ፦ 8 መምህራን አይበቁም፤ ለ200 መምህራን መጠይቅ ይሰራጭ። እዚህ ላይ ነው የተከራከርነው። «እሺ ጋሼ፣ በቃ መጠይቁን ላዘጋጅ። ትልቅ ሰው ተናግሮ እንዴት እምቢ ይባላል?» አለችኝ። ለሦስት ቀን ከዚህ አልወረደችም። ያደግንበት ነገር ነው። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ይሰማል። የገምጋሚ አስተያየት ግን ትእዛዝ አይደለም። ጥናቷ ልጁ ፊደሏን እንዴት እንዳገኛት የሚያሳይ ነው። መጠይቅ ያንን አያይም። መምህሯን በወረቀት «ተማሪዎችሽ ፊደል ይለያሉ?» ብትላት «አዎ» ነው የምትለው፤ አጨብጭበውለታል እኮ።

መልሱን አራት ጊዜ ጻፈችው። የመጨረሻው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ስለ ናሙናው ስፋት የተነሳውን ሥጋት እንረዳለን። ጥናቱ ውጤቱን ለሁሉም መምህራን ለማዳረስ አላሰበም፤ ዓላማው በክፍል ውስጥ የሚሆነውን በዝርዝር ማሳየት ነው። ይህ በግልጽ ስላልተጻፈ በገጽ 7 ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጨምረናል። በማጠቃለያውም "መምህራን" የሚለውን "በጥናቱ የተካተቱ መምህራን" ብለን አስተካክለናል።» ክብር አለው፣ ምክንያት አለው፣ ያስተካከለችውንም ያሳያል። አዘጋጁ ተቀበለው።

ሦስተኛው ነጥብ ልጁ ላይ ነው። ገምጋሚው «ልጁ መቁጠሩን በምን አወቃችሁ? ዓይን አፋር ሆኖ ይሆናል፤ ረስቶም ይሆናል» ይላሉ። መጀመሪያ ተናደደች። ከዚያ ወደ ማስታወሻ ደብተሮቿ ተመለሰች። 6ቱንም ደብተር ገጽ በገጽ አነበበች። የከንፈር እንቅስቃሴ፣ የጣት ቆጠራ፣ ወደ ገበታው ማየት። በአራቱም ትምህርት ቤቶች፣ በተለያየ ቀን ተመዝግቧል። መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ግን የአንዱ ልጅ ብቻ ነበር የገባው። ከማስታወሻው ቀንና ሰዓት ያላቸው አራት ቅንጭብ አወጣችና አስገባች። «ቆጠረ» የሚለውንም «እየቆጠረ እንደነበር የሚያመለክቱ» ብላ አለዘበችው። ገምጋሚው ትክክል ነበሩ። ጽሑፉ ከዚህ በፊት «እመኑኝ» ነበር የሚለው።

23ቱንም ነጥቦች በሠንጠረዥ አቀረበች። በአንዱ ዓምድ የገምጋሚው ቃል፣ በሁለተኛው መልሷ፣ በሦስተኛው ገጽና መስመር። ጳጉሜን ላይ ላከችው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ተቀበሉት።

አራት ማዕዘን ሳጥኖች

ጥር ላይ የመጨረሻው እርማት ቅጂ መጣ። 22 ገጽ ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ አርማ እንድትመልስ ነው የተጠየቀችው። ከፈተችው። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ልጁ አለ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ግን «ሚ» የለችም። በእሷ ቦታ ባዶ ሳጥን ተቀምጧል። መ፣ ሙ፣ ሚ ያለበት ሁሉ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን።

ችግሩ ከጽሕፈቱ ነው። ግማሹን ፊደል ከመመረቂያ ጽሑፏ አምጥታለች፤ እሱ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል በእኛ መልክ የሚያሳዩ ናቸው። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሌላ ምልክት ወይም ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ሌላው ግማሽ በዩኒኮድ ነው፤ ጆርናሉ ቤት ግን የአማርኛ ፎንት አልተጫነም። በእኛ ኮምፒውተር ሁሉም ደህና ስለነበር አላየነውም። ገምጋሚዎቹ ያነበቡት ፒዲኤፍም እኛው የላክነው ነበር።

ሌሊቱን እያንዳንዷን ፊደል በዩኒኮድ እንደገና ተየበች። በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካ ፎንት ከፋይሉ ጋር ላከች። በየቦታው ምን መነበብ እንዳለበት የሚያሳይ ምስልም ጨመረች። ሁለተኛው ቅጂ ሲመጣ ጠራችኝ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ በመስመሩ እየሄደች፣ ድምጿን አውጥታ አነበበች። መ። ሙ። ሚ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለመምህራኑ በአማርኛ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ጻፈችላቸው። የማንም ስም፣ የትኛውም ትምህርት ቤት አልተጠቀሰበትም። ግንቦት ላይ አራቱንም ትምህርት ቤቶች ዞራ ሰጠች። በአንደኛው አንዲት መምህርት እዚያው ቆማ አነበበችው። አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እውነት ነው፣ እኔም አየዋለሁ» አለች። «ታዲያ ሰኞ ክፍል ስገባ ምን ላድርግ?»

ባልደረባዬ መልስ አልነበራትም። ጽሑፉ ያንን አልጠየቀም። አሁን በሁለት ክፍል ውስጥ ፊደል አሰባጥሮ ማስተማርን ከሦስት መምህራን ጋር እየሞከረች ነው። አዲስ ደብተር ይዛለች። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋዋለች።